የመቅደላው ሎርድ ናፒየር ስንት ናቸው?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለጥያቄና መልስ ዓምድ አዘጋጅ። እኔ ጎንደር ውስጥ በፋሲል ግቢ አስጎብኚ ሆኜ የምሠራ የመጽሔታችሁ አንባቢ ነኝ። ከጥምቀት በዓል ማግሥት አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ እያስጎበኘሁ ሳለ የአፄ ቴዎድሮስ ነገር ተነሣና «መቅደላን የወጋው ሎርድ ናፒየር» ብዬ ስናገር፣ ሰውዬው ፈገግ ብሎ «የመቅደላው ሎርድ ናፒየር የሚባል እኮ ዛሬም አለ» አለኝ። ሰውዬው ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ እንደ ሆነው አውቃለሁና ቀልድ መሰለኝ። ማታ ፒያሳ ከባልደረቦቼ ጋር ቡና ስንጠጣ ነገሩን ባነሣው አንዱ «ዘሩ ስሙን እየወረሰ ይሆናል» አለ፤ ሌላው ደግሞ «እንግዲያውስ መቅደላን በጉልት ሰጥተዋቸዋል ማለት ነዋ!» ብሎ ተቆጣ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አላባራም። ለመሆኑ ይህ ማዕርግ ምንድን ነው? ከጄኔራሉ በኋላስ እነማን ያዙት? ከመሬቱ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ ወይ?
ስሜ ይቆይ፣ ከጎንደር

መልስ፦ ጎብኚው አልቀለደም፤ እርስዎም አልተሳሳቱም። እርስዎ የተናገሩት ስለ አንድ ሰው ሲሆን እርሱ የመለሰልዎ ስለ አንድ ማዕርግ ነው፤ በእንግሊዝ አገር ደግሞ ሰውየው ሲሞት እንዲህ ያለው ማዕርግ አብሮት አይቀበርም። ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት፣ የእንግሊዞቹን ዘመን እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገራችንን ደግሞ «ዓ.ም.» እያልን በራሳችን አቆጣጠር እንደምንጽፍ ይታወቅልን።

በመጀመሪያ ግን በብዙ የአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ እየተደጋገመ የመጣ አንድ ነገር እናርም። በትክክል ከተነገረ፣ መቅደላን የወጋው ሎርድ ናፒየር አልነበረም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ አምባው ሲወጣ አዛዡ ሌተና ጄኔራል ሰር ሮበርት ናፒየር ይባል ነበር። «ሰር» የሚያሰኘው የናይትነት ማዕርግ ለሰውየው ብቻ የሚሰጥና ከእርሱ ጋር የሚያበቃ ነው፤ ለልጅ አይተላለፍም። ሎርድ የተባለው በጁላይ 17 ቀን 1868፣ በእኛ ሐምሌ 11 ቀን 1860 ዓ.ም. ሲሆን፣ ይህም አፄ ቴዎድሮስ እጅ አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ከገደሉ ከ95 ቀን በኋላ ነው። እንግዲህ ንጉሠ ነገሥቱ ሎርድ ናፒየር የሚባል ሰው ሳያውቁ ሞተዋል ማለት ነው፤ ሎርድነቱ ራሱ የተገኘው ከሞታቸው ነውና። ሌላም የሚገርም ነገር አለ፤ አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን የገደሉበት ሽጉጥ ከዓመታት በፊት ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ የተላከላቸው ነበር፤ ለናፒየር ማዕርጉን የሰጠችውም ይህችው ንግሥት ናት።

ሮበርት ኮርኔሊስ ናፒየር የተወለደው በዛሬዋ ስሪ ላንካ፣ በኮሎምቦ ከተማ፣ በዲሴምበር 6 ቀን 1810 ነው። አባቱ የመድፈኛ መኮንን ነበር፤ ጃቫ ደሴት ላይ ሜስተር ኮርኔሊስ የሚባለው ምሽግ ሲወጋ ቆስሏል፤ ለልጁም የዚያ ምሽግ ስም ወጣለት። ከዚህ ላይ እንደሚታየው በዚህ ቤት የጦር ሜዳን ስም መሸከም የተጀመረው ከመቅደላ በፊት ነው። ናፒየር በሙያው መሐንዲስ ነበር፤ በቤንጋል የመሐንዲሶች ጦር አድጎ፣ ከሲኮች ጋር በተደረጉት ጦርነቶች፣ በ1857 በሕንድ ዐመፅና በ1860 በቻይና ጦርነት ተሰልፏል። በ1867 የቦምቤይ ጦር ዋና አዛዥ ሳለ ወደ እኛ አገር ዘመተ። ዘመቻውም የመሐንዲስ ዘመቻ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ዙላ ላይ ወደብ ተሠርቶ፣ ከባሕሩ ወደ ደጋው መንገድ ተጠርጎ፣ ወደ 13,000 የሚጠጋ ወታደር ከ44 ዝሆኖች ጋር አገሩን አቋርጦ መቅደላ ደረሰ። ወጪውም ከ8 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ሆኖ የእንግሊዝን ግብር ከፋይ አስለቅሷል።

ወደ ማዕርጉ እንመለስ። የእንግሊዝ መኳንንት ከላይ ወደ ታች ዱክ፣ ማርከስ፣ ኧርል፣ ቫይካውንትና ባሮን ተብለው በአምስት ደረጃ ይከፈላሉ። ለናፒየር የተሰጠው የመጨረሻው ማለትም ባሮንነት ነው፤ «ሎርድ» የሚለው ቃል ደግሞ ከዱክ በታች ላሉት ሁሉ መጠሪያ ሆኖ የሚያገለግል እንጂ ራሱን የቻለ ደረጃ አይደለም። ስለዚህ አንዳንድ ጸሐፊዎች «መስፍን» ብለው መተርጎማቸው ሰውየውን ከደረጃው በላይ ያስቀምጠዋል። አሰጣጡም እንደ እኛ ነጋሪት አስጎስሞ፣ ካባ ደርቦ፣ በአደባባይ «ደጃዝማች ብዬሃለሁ» በማለት አልነበረም፤ ከዘውዱ የሚወጣ፣ ጥቁር አረንጓዴ ሰም ላይ በታላቁ ማኅተም የታተመ ደብዳቤ ይጻፋል፤ ማዕርጉ ለማን እንደ ተሰጠና ከእርሱ በኋላ ለማን እንደሚተላለፍ የሚወስነውም ይኸው ደብዳቤ ነው።

በዚያ ደብዳቤ ላይ የሰፈረው ስም በአማርኛ ሲገለበጥ «በአቢሲኒያ ያለችው የመቅደላና በቼስተር አውራጃ ያለችው የካሪንግተን ባሮን ናፒየር» የሚል ነው። ፒያሳ የተቆጡት ባልደረባዎ ይህን ቢያዩት ይበልጥ ሳይናደዱ አይቀሩም፤ «በአቢሲኒያ ያለችው መቅደላ» ተብሎ በእንግሊዝ ንግሥት ማኅተም ስር መጻፉ ለጆሮ ይከብዳልና። ይሁን እንጂ ጥፋቱ በከፊል የአማርኛችን ነው። እኛ «የጎጃሙ ንጉሥ» ስንል ጎጃምን የሚገዛውን ማለታችን ነው፤ «የ» የምትለው ፊደል ባለቤትነትን ይዛ ትመጣለች። እንግሊዞች በዚህ ዓይነት ማዕርግ ላይ የጦር ሜዳን ስም ሲቀጥሉ ግን መታሰቢያ ማድረጋቸው ነው። ኔልሰን በ1798 «የናይል ባሮን» ተባለ እንጂ ከዓባይ አንድ ጭልፋ ውኃ አልደረሰውም፤ ኪችነር በ1898 የካርቱም፣ ሞንትጎመሪም በ1946 የአላሜን ሎርድ የተባሉት በዚሁ ልማድ ነው። ለዚህ የሚቀርበው የእኛ ልማድ ምናልባት የፈረስ ስም ይሆናል፤ አፄ ቴዎድሮስን «አባ ታጠቅ» ስንል ጀግንነታቸውን ማንሣታችን ነው። ልዩነቱ የፈረስ ስም ከባለቤቱ ጋር ማብቃቱ ላይ ነው፤ «አባ ታጠቅ ስድስተኛ» የሚባል ሰው የለም።

ጉልት ነው ለተባለው መልሱ አጭር ነው፤ አይደለም። የናፒየር ጦር አምባውን አቃጥሎ፣ ክረምቱ ሳይበረታ ወደ ዙላ ተመልሶ አገሩን ለቅቆ ወጥቷል፤ ከመቅደላ አንድ ጋሻ መሬት እንኳ ለማንም አልተተከለም። ጉልት ቢሆን ኖሮ ግብር የሚገብር ገበሬ፣ ግብሩን የሚሰበስብ ምስለኔ ባስፈለገ ነበር። ጄኔራሉ ያገኘው ገንዘብ ነው፤ ፓርላማው በዓመት 2,000 ፓውንድ ለእርሱና ከእርሱ ቀጥሎ ለሚተካው አንድ ወንድ ወራሽ ብቻ እንዲከፈል በሕግ ወሰነ። «አንድ ወራሽ» የምትለዋን ልብ ይበሉ፤ ገንዘቡ በሁለተኛው ባሮን ሞት ሲያበቃ ስሙ ግን ቀጥሏል። ከሦስተኛው ጀምሮ ያሉት ሎርዶች ከመቅደላ የቀራቸው ቃሉ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ባለማዕርጎቹ እንለፍ። የመጀመሪያው ከመቅደላ በኋላ ከ1870 እስከ 1876 የሕንድ ጦር ዋና አዛዥ፣ ቀጥሎም እስከ 1883 የጅብራልታር ገዥ ሆነ፤ በ1883 የፊልድ ማርሻልነት ማዕርግ ተሰጠው። ጅብራልታር ውስጥ መቶ ቶን የሚመዝን ግዙፍ መድፍ የተተከለበት ምሽግ ዛሬም በእርሱ ስም «የመቅደላው ናፒየር ምሽግ» ይባላል። ሴባስቶፖልን አስጎትተው መቅደላ ያወጡት ንጉሥ ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር እያልን ማሰባችን አልቀረም። ናፒየር በጃንዋሪ 14 ቀን 1890 ለንደን ውስጥ ሞቶ በሴንት ፖል ካቴድራል ተቀበረ።

ከዚያ በኋላ ያለው የውርስ ሐረግ ከሌሎች የእንግሊዝ ቤቶች ለየት ያለ ነው። ማዕርጉ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከልጅም ወደ ልጅ ልጅ እንዲወርድ ይጠበቃል፤ ወንድም ወንድሙን የሚወርሰው ሟቹ ወንድ ልጅ ሳይተካ ሲቀር ነው። በናፒየር ቤት ግን የጄኔራሉ ሦስት ወንዶች ልጆች ተራ በተራ ሎርድ ሆኑ። ሁለተኛው ባሮን ሮበርት ዊልያም ናፒየር ከ1890 እስከ 1921፣ ሦስተኛው ጄምስ ፒርስ ናፒየር ከ1921 እስከ 1935፣ አራተኛው ኤድዋርድ ኸርበርት ስኮት ናፒየር ከ1935 እስከ 1948 ድረስ ማዕርጉን ይዘዋል። በእኛ ዘንድ ከሰው ስም ቀጥሎ የሚመጣው የአባት ስም ነው፤ እንግሊዞች ግን ብዙ ጊዜ በመካከል የእናትን ቤት ስም ያስገባሉ። ሦስተኛው «ፒርስ» የተባለው እናቱ አን ፒርስ ስለ ሆነች ነው፤ ጄኔራሉ እርስዋ ከሞተች በኋላ ከስኮት ቤተ ሰብ ሌላ ሚስት አገባ፤ «ስኮት» የሚለው የአራተኛው ስምም ከዚያች ከሁለተኛዋ ሚስት መወለዱን ይናገራል። ስለዚህ ሦስተኛውና አራተኛው በአባት ብቻ የሚገናኙ ወንድማማቾች ናቸው፤ ይህም ውርሱን አላገደውም፤ የሚጠየቀው ከመጀመሪያው ባሮን አብራክ መውጣት ነውና።

ሴቶች ልጆቹስ? ጄኔራሉ ከሁለቱም ጋብቻ ሴቶች ልጆች ነበሩት፤ ነገር ግን ደብዳቤው ለወንድ ዘር ብቻ ስለሚል ማዕርጉ ወደ እነርሱም ሆነ ወደ ልጆቻቸው አይዞርም። በዚህ ረገድ የቀድሞው ርስታችን ይሻል ነበር ብንል አድልዎ አይሆንብንም፤ የጎንደር ገበሬ በእናቱም በአባቱም ቆጥሮ ርስቱን ይካፈል ነበር፣ ሴት ልጅም ከወንድሟ ጋር ትካፈል ነበር።

በአንድ አባት ልጆች እጅ ማዕርጉ 58 ዓመት ቆየ። አባት በ1810 ተወልዶ ልጁ በ1948 ሲሞት በሁለት ትውልድ መካከል 138 ዓመት ይቆጠራል። ይህን ወደ ከተማችን እናምጣው። ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. አርበኞቻችንና የእንግሊዝ ጦር ጎንደር የመሸገውን የጄኔራል ናሲን ጦር እጅ ሲያሰጡ፣ ለንደን ውስጥ «የመቅደላው ሎርድ ናፒየር» ተብሎ የሚጠራው ሰው መቅደላን የወጋው ጄኔራል የልጅ ልጅ እንኳ አልነበረም፤ ከአብራኩ የወጣ ልጁ ነበር። መቅደላ ያን ያህል ቅርብ ናት።

ከ1948 ወዲህ ነገሩ ወደ ተለመደው መንገድ ተመለሰ። የአራተኛው ልጅ ሮበርት ጆን ናፒየር አምስተኛው ባሮን ሆኖ እስከ 1987 ቆየ፤ በዚያ ዓመት የእርሱ ልጅ፣ ማለትም የጄኔራሉ የልጅ ልጅ ልጅ፣ ስድስተኛው ሆኖ ተተካ። እንግዲህ ለርእሳችን ጥያቄ መልሱ ከ1868 ጀምሮ ስድስት ሰዎች በዚህ ስም ተጠርተዋል የሚል ነው። ቀድሞ ባሮን መሆን በሎርዶች ምክር ቤት ወንበር ያስገኝ ነበር፤ በ1999 በወጣው ሕግ ግን በውርስ ከተቀመጡት 92 ብቻ ቀርተው ሌሎቹ ወንበራቸውን አጥተዋል፤ ከዚያ ወዲህ ማዕርጉን መውረስ ብቻውን ወደ ምክር ቤት አያስገባም።

ባልደረባዎ ይህ ሁሉ ተነግሯቸው «ታዲያ ስሙን ለምን አይነጥቋቸውም?» ቢሉ፣ የሁለቱ አገር ሥርዓት ልዩነት እዚህ ላይ ነው። በጎንደር ቤተ መንግሥት ሹም ሽር ነበር፤ ንጉሡ የሾመውን ይሽራል፣ የሰጠውን ይነሣል፣ የራስ ልጅ በልደቱ ራስ አይባልም። እንደ ዋግ ሹም ያለው በዘር የሚወርድ ሹመት በአገራችን ጥቂት ነበር። በእንግሊዝ ግን ማኅተም ያረፈበትን ባሮንነት ንጉሡ ራሱ መልሶ ሊወስደው አይችልም፤ በፓርላማ ሕግ ብቻ ይሻራል፣ ያም ቢሆን እንደ 1917ቱ ዓይነት የጦርነት ጊዜ ካልሆነ እምብዛም አልተደረገም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረታችን እዚያ አገር ቢነገር ግማሹ ትርጉም አልባ ነው።

ለአስጎብኚነትዎ ይጠቅምዎ እንደ ሆነ አንድ ነገር እንጨምር። አፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ሲመዘብሩ የአብያተ ክርስቲያናቱን መጻሕፍት ሰብስበው ወደ መቅደላ አስወስደው ነበር፤ አምባው ሲያዝ ከዚያ ወደ ለንደን ከተጋዙት 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ብዙዎቹ ከዚሁ ከጎንደር የወጡ ናቸው። ስለዚህ ጎብኚዎችዎ የመቅደላውን ሎርድ ሲያነሡ ነገሩ የወሎ ብቻ እንዳልሆነ ሊነግሯቸው ይችላሉ።

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አንድ መጽሐፍ ሎርድ ናፒየር በ1863 ለጥቂት ቀናት የሕንድ ተጠባባቂ እንደራሴ ነበር ይላል፤ ሌላው ደግሞ በ1872 ነው ይላል። የትኛው ልክ ነው?
ከአዘዞ

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የተሳሳተው «አንድ ሰው ነው» የሚለው ግምት ብቻ ነው። ከመቅደላው ማዕርግ ቀድሞ በስኮትላንድ «ሎርድ ናፒየር» የሚባል ሌላ ማዕርግ ነበር፤ በ1627 የተሰጠውም በሒሳብ ትምህርት ላይ ሎጋሪዝምን ስትማሪ ስሙን ለሰማሽው ለጆን ናፒየር ልጅ ለአርቺባልድ ነው። የዚህ ቤት አሥረኛ ሎርድ ፍራንሲስ ናፒየር ከ1866 ጀምሮ የማድራስ ገዥ ነበር። እንደራሴው ሎርድ ሜዮ በፌብሩዋሪ 1872 አንዳማን ደሴቶች ውስጥ ሲገደል ተጠባባቂ የሆነው እርሱ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ የሕንድ ጦር ዋና አዛዥ የእኛው ናፒየር ነበርና፣ በአንድ መንግሥት ውስጥ ሁለት ሎርድ ናፒየሮች ጎን ለጎን ያገለግሉ ነበር። «የመቅደላው» የሚለው ቅጥያ የጦር መታሰቢያ ከመሆኑ ሌላ ሁለቱን ለመለየትም በጣም ያስፈለገው በዚህ ምክንያት ነው።

የ1863ቱ ግን የመቅደላው ናፒየር ነው፤ ሎርድ ኤልጂን በኖቬምበር ሲሞት እስከ ዲሴምበር መጀመሪያ ድረስ ቦታውን ይዞ ቆይቷል። ይሁንና ያን ጊዜ ገና ሰር ሮበርት ስለ ነበረ፣ መጽሐፍሽ በ1863 «ሎርድ» ማለቱ አምስት ዓመት ቀድሞ መሾሙ ነው። ፍራንሲስም በዚያው በ1872 «ባሮን ኤትሪክ» የሚል ሁለተኛ ማዕርግ ስለ ተጨመረለት፣ የእርሱ ዘሮች «ሎርድ ናፒየርና ኤትሪክ» ይባላሉ። መጽሐፍ ላይ «ኤትሪክ» ካየሽ የስኮትላንዱ ቤት ነው፤ «መቅደላ» ወይም እንግሊዞቹ እንደሚሉት «ማግዳላ» ካየሽ ደግሞ የጄኔራሉ ቤት ነው።